የነጩ ፈዋሽ ሚስት

«እማ፣ ከዚያ ሁሉ መልክ ፂማሙን ድንክ መረጥሽ?» አለች ልጅቷ በስልክ፣ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት።

«ምን ላድርግ ታዲያ! ቆንጆዎቹ የለበሱት ቀሚስ ስፌት የለውም። በየት በኩል ገብተውበት ነው? የድንኩ ካፖርት ግን እጅጌው በወግ ተገጥሟል።»

መጋረጃ ሰፊዋ እናት ዕድሜዋን ከመርፌ ጋር የፈጀች ሴት ናትና ተረት ዓለም ውስጥ ስትገባም መጀመሪያ የሚታያት ጠርዙ ነው። የልጇን አሮጌ ላፕቶፕ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች። ከግድግዳው ማዶ ባሏ በሩን ዘግቶ ያንኑ ብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታል፤ የእረፍት ቀን በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ባልና ሚስቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ከአፉ አንዲት ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። እርሱ ወዳለችበት ካልመጣ፣ እርሷ ወዳለበት ልትሄድ ቆረጠች። የገዛ ባሏን ለማነጋገር ፂም ማብቀል የግድ ከሆነም ታበቅላለች።

«አባዬ እዚያ ‹ነጩ ፈዋሽ› ነው የሚባለው» አለች ልጅቷ። «ከከተማው በር አታጪውም። ማንነትሽን ግን ቶሎ እንዳትነግሪው፣ ይሸሽሻል። መጀመሪያ ተላመጂው።»

«ባሌን እንድላመድ ትመክሪኛለሽ? ጉድ እኮ ነው!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ዓለሙ አስደነቃት። ሰማዩ ሁለት ጨረቃ አለው፤ ሣሩ ነፋስ ሲዳብሰው እንደ ከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ሰዉ ሁሉ ይሮጣል እንጂ የሚራመድ የለም። እርሷ ግን መሄጃው ጠፍቷት ከግንብ ጋር ስትላተም ቆየች፤ ተኩላ ዘሎ ድንኩን ሲነክስባትም ከወንበሯ ብድግ ብላ ማማሰያ አነሳች። ድንኩ ሊሞት አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነጭ ብርሃን ፈሰሰበትና ቁስሉ ገጠመ።

«አይዞህ ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። «አዲስ ነህ? ሁላችንም እንዲሁ ነው የጀመርነው። ከኋላዬ ሁን።»

ነጩ ፈዋሽ ነበር።

አይዞህ! ይህችን ቃል ከእርሱ ከሰማች ስንት ዘመኗ ነው! በትዕግሥት አስተማራት፤ ስትሳሳት አልተቆጣም። ሰይፏን ወንዝ ውስጥ ስትጥል እንኳ «አይ የኔ ጀግና፣ ዓሣ ልታርድ ነው?» ሲል ቀለደባት። ከግድግዳው ማዶ ሳቁ ተሰማት። እርሷም አፏን በሽርጧ አፍና ሳቀች። በሁለት ክፍል ሆነው በአንድ ቀልድ መሳቃቸው ልቧን አሞቀው። ምሳ ላይ «እኔ ነበርኩ እኮ!» እንደምትለው ወሰነች።

በዚህ መካከል ጋሻ ያነገተ ተዋጊ መጣ። «ፈዋሻችን፣ ሰዉ ተሰብስቦ እየጠበቀህ ነው።»

«ይህም ወንድማችን ይምጣ» አለ ፈዋሹ።

ኮረብታው ላይ ብዙ ሰዎች የራስ ቁራቸውን አውልቀው ቆመዋል። በመካከላቸው አበባ የሞላበት መቃብር አለ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው «እንቡጤ» የሚል ነው። ስሙን ደግማ አነበበችው። እንቡጤ እርሷ ናት፤ ባሏ በደጉ ዘመን የሚጠራት እንዲያ ብሎ ነበር።

«ማን ናት?» ስትል ባለጋሻውን ጠየቀችው።

«ሚስቱ ናት። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሳትነሣ ቀረች፤ እጁን እንደያዘች አረፈች። እኛም በየሳምንቱ እንቆምላታለን። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል!»

ኦፕራሲዮኑስ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ድና ተነሥታለች። ያን ቀን ከሰመመኗ ስትነቃ ባሏ ከግርጌዋ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ እንባው ይወርድ ነበር። የሚጸልይ መስሏት በሆዷ መርቃዋለች። ለካ ለቅሶ ተቀምጦ ኖሯል! መጀመሪያ ምናልባት ፈርቶ ለእነዚህ ጓደኞቹ «ሞተች» ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ ሰዉ ሲያለቅስለት ጊዜ ግን የእርሷ መትረፍ አስቸገረው።

ፈዋሹ ከመቃብሩ ሥር ተንበረከከ። «እንደ እርሷ ያለች ሴት ዳግም አትወለድም» ብሎ ጻፈ፤ ከግድግዳው ማዶም የምር ሲነፋረቅ ይሰማል። ከዚያም ወደ ድንኩ ዞረ። «ወንድሜ፣ ሚስት አለችህ? ካለችህ ሳትሞትብህ አጫውታት። እኔ አልታደልኩም።»

«አለሁ፣ ኩሽና ውስጥ ነኝ» ብላ ጻፈች። ሳትልከው የክፍሉ በር ተከፈተ።

ባሏ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። «ምን ታፈጭብኛለሽ? ምሳ አልደረሰም?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል?»

የጻፈችውን ደምስሳ ላፕቶፑን ከደነች። ከመደርደሪያው ሁለት ሳህን አወረደች፤ ጥቂት አሰበችና አንዱን መልሳ ሰቀለች። ምግቡን በአንዱ ሳህን አድርጋ ፊቱ አኖረችለት።

«አንቺስ አትበይም?» አለ፣ መጉረስ ጀምሮ።

እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው። «እጅህን እንደያዘች ነው አሉ ያረፈችው።»