የጻፈውን ማንበብ ያቃተው ሰው

ኤርካሎ ሶዶ ከተማ ውስጥ ታፔላ በመጻፍ የሚተዳደር የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በማሽን የሚታተም ባነር ከመጣ ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም፣ የእጁን ጽሑፍ የሚወዱ ነጋዴዎች አሁንም አልተዉትም። ከእነሱ አንዷ ሳህሊቱ ቦዲቲ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ልትከፍት ስለነበር በሯ ላይ እንዲጽፍላት ጠራችው።

የዚያን ቀን ጠዋት ራሱን እያመመው ነበር የተነሳው። ሚስቱ አስናቀች «ዛሬ ብትቀርስ?» ብትለው፣ «ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ወጣ። ቦዲቲ ደርሶ መሰላሉ ላይ ሲሠራ በስተቀኙ ያስቀመጠውን የቀለም ጣሳ ደጋግሞ በክርኑ መታው። ምን ነካኝ ብሎ አለፈው።

«ሳህሊቱ ጨርቃ ጨርቅ» ብሎ ጽፎ ጨረሰና ወረደ። ራቅ ብሎ ቀና ሲል የማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ አየ።

ቀይ ቀለሙ ይታየዋል፤ ጠርዙ አለመንጠባጠቡም ይታየዋል። ፊደሎቹ ግን አንዳቸውም አልናገር አሉት። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ያው ነው።

«ማነው የነካብኝ?» ብሎ ጮኸ።

ሳህሊቱ ከሱቋ ሮጣ ወጣች። «ምን ሆኑ ጋሽ ኤርካሎ?»

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ስሜ ነው፤ ደግሞ እንዴት ያምራል!»

የምታሾፍበት መሰለው። ዘወር ብሎ የጎረቤቱን ፋርማሲ ታፔላ ተመለከተ፤ እሱም ዝም አለው። መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ። ፎቶውን አወቀ፤ ከጎኑ ያለውን የራሱን ስም ግን አላወቀውም። በወላይትኛ «ጦሳው!» ብሎ ፈጣሪውን ጠርቶ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሳህሊቱ ለአስናቀች ደውላ በመኪና ወደ ሶዶ ወሰደችው። አስናቀች ሆስፒታል በር ላይ ጠበቀቻቸው። መንገዱን ሙሉ ስታስብ የመጣችው ዓይኑ ጠፋ ብላ ነበር።

ዶክተር ማኅሌት ዓይኑን ካየች በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። «የእርስዎንና የባለቤትዎን ስም ይጻፉልኝ።»

ሳያመነታ ጻፈ፤ እንደ ሁልጊዜው በሚያምር እጅ። ዶክተሯ ወረቀቱን ተቀብላ ስለ ራስ ምታቱ ጥቂት ጠየቀችውና ወረቀቱን መልሳ ሰጠችው። «አሁን ያንብቡልኝ።»

ኤርካሎ ወረቀቱን አገላበጠው። «ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

አስናቀች አፏን በእጇ ያዘች። «አንተ ነህ! አሁን፣ ዓይኔ እያየ!»

«አበድኩ ማለት ነው?» አለ።

«አላበዱም» አለች ዶክተሯ። ሲቲ ስካን ሲነሳ በአንጎሉ በስተኋላ፣ በግራ በኩል አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ተገኘ። «መናገር፣ መጻፍ፣ ማየት አንጎል ውስጥ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የመጻፊያው ቦታዎ ደህና ነው፤ የመናገሪያውም። የተጎዳው ዓይን ያየውን ፊደል ወደ ቃል የሚያደርሰው መንገድ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ነገር የሚስቱትም ለዚሁ ነው።»

አስናቀች ማመን አቃታት። «መጻፍና ማንበብ እኮ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር!»

«ለብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

ኤርካሎ ተኝቶ መታከም ጀመረ። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ከማንም ጋር መነጋገር ጠላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስናቀች የምትለው ሲጠፋት መዳፉን ይዛ በጣቷ አንድ ፊደል ጻፈችበት።

«መ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ደነገጠች። ሌላ ጻፈች።

«ሰ።» ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ! ድገሚልኝ!»

ዶክተሯ ስትሰማ ፈገግ አለች። እጅ የሚያውቀው ፊደል ወደ ቃል የሚደርሰው በሌላ መንገድ ስለሆነ በዚያ በኩል መልመድ እንደሚችል ነገረቻቸው። ኤርካሎ ዛሬ የሚያነበው እንደዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ፣ አፉን እያንቀሳቀሰ። አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ እስከ ምሳ ሰዓት ይወስድበታል። የቀኝ እይታው አልተመለሰም፤ መንገድ ሲሄዱ አስናቀች በዚያ በኩል ትሆናለች።