ያልተነሣው ሥር

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ አለቃ ካሜራ ሲያይ ሌላ ሰው ነው። አገጩ ቀና፣ ድምፁ ወፈር ይላል፤ ከማስኩ ጀርባ ፈገግ ማለቱ ሳይቀር ያስታውቃል። እትዬ ቆጠራ ይህን ፈገግታ ሃያ ሁለት ዓመት አይታዋለች፤ አንድም ቀን ለበሽተኛ ሲተርፍ ግን አላየችም።

እሷ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አቀባይ ነርስ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ልብ ከመሰፋቱ በፊት ደም መጥረጊያ ጎዙን፣ መርፌውን፣ መቆንጠጫውን ቆጥራ "ሞልቷል" ካላለች ማንም ሐኪም፣ አለቃም ቢሆን፣ አይዘጋም። አለቃው በዚህ ደንብ ላይ ሲቀልድ የሚስቁለት የበታቾቹ ብቻ ናቸው።

የዕለቱ በሽተኛ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ልብስ ሰፊ ነበረች። ልቧ ውስጥ የእንቁላል መጠን ያለው ዕጢ በቅሏል፤ ካንሰር አይደለም፣ ግን በቀላሉ ስለሚፈረፈር ፍርፋሪው አንጎል ቢደርስ ሽባ ያደርጋል። በዋዜማው ከሰዓት እትዬ ቆጠራ ልታያት ስትገባ እጇን ይዛ አለቅም አለቻት።

"እህቴ፣ አንዴ ክፈቱኝ፣ ግድ የለም። ሁለተኛ ግን አታስከፍቱኝ። ጨርቅ እንኳ ሁለቴ ሲተረተር ዋጋ የለውም።"

"አንዴ ብቻ ነው" አለቻት። ቃል የገባችው በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ያውም በምን ዓይነቱ።

በማግስቱ ልቧ ቆሞ፣ ልብን የሚተካው ማሽን ደሟን እያዞረ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ አለቃው ዕጢውን ሳያፈርስ አወጣው። እውነት ለመናገር እጁ ጎበዝ ነው፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው። ግን ለፎቶው ሲጣደፍ ዕጢውን ከአንገቱ ቆርጦ ሥሩን ልብ ግድግዳ ላይ ተወው። ሥሩ ከበቀለበት የግድግዳ ቁራጭ ጋር ካልወጣ ዕጢው ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ይህን ትናንት የተቀጠረ ሐኪምም አያጣውም።

ሁለቱ ረዳት ሐኪሞች አይተዋል። አንዱ መብራቱን አየ፣ ሌላው ጫማውን። ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት ጫማ ለማየት ይመስላል። አለቃው ዕጢውን በሳህን አድርጎ ለካሜራው ከፍ አደረገ፣ ስለ ራሱ ጥቂት ተናገረ፣ ከዚያ ክር ጠየቀ።

እትዬ ቆጠራ ስለ ሥሩ ቀስ ብላ ጠየቀችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደገመችለት። ነርስ ሐኪም ማስተማር የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ወደ ካሜራው ሳቀ፤ ረዳቶቹም ሳቁ።

እሷ መቁጠር ጀመረች። ጎዙ ልክ ነው፣ መርፌውም ልክ ነው። ክሩን ግን አልሰጠችውም።

"ቆጠራው አልሞላም፣ ፕሮፌሰር።"

ረዳቶቹ ደንግጠው ከጨርቁ ሥር፣ ከወለሉ ላይ ጎዝ ፍለጋ ገቡ። ማሽኑን የያዘው ባለሙያ ልቡ የቆመበትን ደቂቃ ይጠራል። አለቃው ምን እንደጎደለ በቁጣ ጠየቃት።

"ሥሩ። እሱ ሳህኔ ላይ ካልመጣ ሞልቷል አልልም። የቆጠራው ወረቀት ላይም አልፈርም።"

አለቃው ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ካሜራውን አየ። ከሦስቱ ያዘዘው ካሜራውን ብቻ ነበር፤ አጥፉት አለ። ከዚያ መቀሱን ነጥቆ ሥሩን ከነግድግዳው ቁራጭ አወጣና ክፍተቱን ከልብ ሽፋን በተቆረጠች እራፊ ደፈነው። ዐሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። እትዬ ቆጠራ "ሞልቷል" ብላ ክሩን አቀበለችው።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳት። በቆጠራ ስህተት ቀዶ ሕክምና አጓትታለችና ወደ ጎዝ ማጠፊያ ክፍል ተዛውራለች ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ምስክር ሆነው የፈረሙት እነዚያው ጫማና መብራት ተመልካቾች ናቸው። እቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ በነሱ ምክንያት ማልቀሷ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ዓመት አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ለምርመራ መጣች፤ ልቧ ንጹሕ ነው ተባለች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አለቃው የእሷን ዕጢ ከፍ አድርጎ የተነሣው ፎቶ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሎ አየች። ቀርባ፣ እንደ ሙያዋ ጫፍ ጫፉን መረመረችው። እትዬ ቆጠራ የታጠፈ ጎዝ ተሸክማ ስታልፍ አስቆመቻት።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ ከአንገቱ ነው የተቆረጠው። ሥሩስ?"

"እሱ ሲወጣ ካሜራው ጠፍቶ ነበር" አለቻት።