በቶፉው ላይ የታተመው ስፌት

እንግዳ ሳይጀምር ማዕድ አይነካም። የዕለቱ እንግዳ ደግሞ ጆንግ ቲንግፋ ነበር፤ ልጁን ቹንሚን ለገበሬው ለሊያው ወንድ ልጅ ለመዳር የመጣ። የሠርጉ ቀን የሚቆረጠው ከምሳ በኋላ ነው። የልጅቱ አባት የመጀመሪያውን ቁራሽ ቶፉ ከበላ ተስማምቷል ማለት ነው፤ ካልበላ ደግሞ ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው።

ቶፉው የሙሽራው እናት የሹላን እጅ ሥራ ነው። አኩሪ አተር ፈጭታ፣ ወተቱን አርግታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ ሲጠጥር ትቆርጠውና የአሳማ ሥጋ ሞልታ በአንድ ጎኑ ትጠብሰዋለች። ቲንግፋ በመብያ እንጨቶቹ አንዱን አነሳ። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ያልተጠበሰውን ገጽ አየ፤ እጁ እዚያው ቆመ።

ነጩ ገጽ ላይ ሰያፍ መስመሮች ታትመዋል። ቶፉ የሚጨመቅበት ስስ ሻሽ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳዎች እንደ ቅስት ይዞራሉ። ይህን ስፌት ከሸሚዙ ስፌት የበለጠ ያውቀዋል።

ቲንግፋ ከወንዙ ማዶ ባለው የብርቅዬ ማዕድናት ፋብሪካ የማጣሪያ ክፍል ኃላፊ ነው። ከኮረብታው አፈር ታጥቦ የመጣው ዝቃጭ እዚያ በአሲድ ይሟሟል፤ ነጭ ጋዝ ከሚሸት ዘይት ጋር እየተማታ ከገንዳ ገንዳ ሲያልፍ አንዱ ብረት ከሌላው ይለያል፤ በመጨረሻም እንደ ሊጥ ረግቶ በማጣሪያ ጨርቅ ይጨመቃል። ሊጡ የሚገባው በጨርቁ መሃል ባለ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ዙሪያውን በድርብ ይሰፋል።

ያረጀው ጨርቅ ምን እንደሚመስልም ያውቃል። በክሮቹ መሃል እንደ ቁስል ቅርፊት የሚላጥ ዝቃጭ አለ፤ ከላዩ የሚያሟልጭ ልጋግ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የአሳማው ስብ ቶፉው ላይ ሲያብለጨልጭ ያንን ልጋግ መሰለው።

«ምነው ቆዩ?» አለች ሹላን እየሳቀች። «የፋብሪካ ሰው የገበሬ እጅ ይጸየፋል ሲሉ እውነታቸውን ነው ልበል?»

«ተያቸው» አላት ባሏ ሊያው። «ኃላፊ ናቸው፤ ሳይመረምሩ አይፈርሙም።»

ቹንሚ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ «አባዬ፣ ብላ እንጂ፤ በሞቴ» አለችው በሹክሹክታ።

«በምን ጨርቅ ነው የሚጨምቁት?» ሲል ጠየቀ ቲንግፋ።

ሹላን ፊቷ በራ። «አዩት? እኔ ደግሞ ማንም ልብ አይልልኝም እላለሁ። ከእናንተው ፋብሪካ አጥር ኋላ ያነሳሁት ነው። ሻሹ በወሩ ይበጣጠስ ነበር፤ ይሄ ብረት በሉት። በአመድ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ፀሐይ አስመትቼ ነው የጀመርኩበት። ቹንሚ ትመስክር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ስትበላው አይደል የከረመችው?»

ቲንግፋ ልጁን አየ። ቹንሚ ፈገግ እንዳለች ነው። የፋብሪካው መጣያ ጉድጓድ ሲሞላ «ያረጀውን ጨርቅ ከአጥሩ ውጭ ቆልሉት፤ የፈለገ ይወስደዋል» ብሎ ያዘዘው እሱ ነበር። ለኦቾሎኒ ማስጫ ይሆናቸዋል ብሎ አስቦ ነበር፤ ወይም እንዲያ ማሰቡ ተመችቶት ነበር።

አንድ ቁራሽ ሰው አይገድልም አለ በልቡ። ግን ከዋጠው ቀኑ ይቆረጣል፤ ቹንሚም እዚህ ቤት ገብታ በየቀኑ ስትበላው ትኖራለች። ቶፉውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

«እትዬ ሹላን፣ ይህን ማንም እንዳይበላው። ጨርቁ አሲድና ዘይት የጠጣ ነው፤ በአመድ አይለቅም። ያስጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሊያው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። «እንግዲያ ለአሳማዎቹ ይሰጥ» አለ።

«ለአሳማም አይሆንም።»

ሊያው ከቶፉው ሆድ የወጣውን የተከተፈ ሥጋ ትኩር ብሎ አየ። «አሳማዋ በዚያው ጨርቅ የተጨመቀውን የአኩሪ አተር አሰር እየበላች ነው ያደገችው» አለ ቀስ ብሎ። «ይችው ናት፣ እዚህ ውስጥ ያለችው።»

ሹላን፣ ቲንግፋ ቶፉውን ባየበት ዓይን፣ ቲንግፋን ራሱን አየችው። ወደ ጓዳ ገብታ እርጥቡን ጨርቅ ይዛ ተመለሰችና ጭኑ ላይ አኖረችው።

«ንብረትዎን ይውሰዱ» አለች። «ልጅዎ ልጃችን ናት፤ ስለ ቀኑ ከእሷ ጋር እንነጋገራለን። ከእርስዎ ጋር ግን ማዕድ አንቀርብም።»

ቲንግፋ ወደ ቹንሚ ዞረ። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህኖቹን መደራረብ ጀምራለች። «ሂድ አባዬ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

በሞተር ብስክሌቱ ድልድዩን ተሻገረ። ጨርቁ ጉልበቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሱሪውን አራሰው። ላይ ላዩን አኩሪ አተር ይሸታል፤ ከሥሩ ነጭ ጋዝ። ከአጥሩ ኋላ ሲደርስ ክምሩን አየ፤ የቀሩት የተቀደዱት ብቻ ናቸው።

ጨርቁን ሊወረውር እጁን አነሳና ወደ ማዶ ተመለከተ። በመንደሩ በየጓሮው ገመድ ላይ ነጭ ነጭ ጨርቅ ተሰጥቷል። ከዚህ ሆኖ ስፌቱ አይለይም። ጨርቁን ለየቤቱ ሊያሳይ መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ሞተሩን ወደ ድልድዩ አዞረ።