የሩቋ ፕላኔት የአየር ትንበያ

ታላቅ እህቴ በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ታቀርብ ነበር። ነገ ፀሐይ ነው ካለች ሰፈሩ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ እናታችን ጭምር። አንድ ቀን እሷን አምነው ሜዳ ላይ የደገሱት ሰርግ በዝናብ ተበተነና የሙሽራዋ እናት እንደራሰች ጣቢያው ድረስ መጣች። የእህቴ አለቃ ሊያባርራት አሰበ፤ ግን ተመልካቹ ድምጿን ስለሚወደው፣ ማንም መጥቶ የማይከስስበት ቦታ መደባት።

ቦታው ስልሳ አራት የብርሃን ዓመት ይርቃል። ኤችዲ 189733 ቢ ትባላለች፤ ስም ሲያልቅባቸው ስልክ ቁጥር የሰጧት ነው የምትመስለው። ከጁፒተር ትንሽ የምትበልጥ፣ ከጋዝ የተሠራች፣ የሚረገጥ መሬት የሌላት ሰማያዊ ፕላኔት ናት። ዓመቷ ከሁለት ቀናችን እምብዛም አይበልጥም። ነፋሷ በሰዓት ከስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይነጉዳል፤ ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ደግሞ የመስታወት ዝናብ ወደ ጎን ይዘንብባታል። የቀረውን እህቴ ከራሷ ጨመረችበት፦ ማምሻውን በምዕራብ በኩል ስስ ደመና ይጠበቃል፣ ወዘተ። ሕዝቡ አበደላት። አውቶቡስ ውስጥ «ይቺ ልጅ ተሳስታ አታውቅም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ የመስታወት ፋብሪካ ባለቤትም ዝግጅቱን ስፖንሰር አደረገ።

ኋላ ሊቃውንቱ በፕላኔቷ አየር ውስጥ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አገኙ። ባለፋብሪካው ግማትና መስታወት አብረው እንዳይነሱ አስጠነቀቀ። አለቃዋም ይህን ካነሳች ሥራዋን እንደምታጣ ቁርጡን ነገራት። እህቴ ደግሞ እልኸኛ ናት።

«ከራሴ ፈጥሬ ሳወራ አጨበጨቡልኝ» አለችኝ። «አሁን አንድ የተረጋገጠ ነገር ባገኝ ልዋጠው?»

ያን ምሽት ፈገግ ብላ ግማቱን ለሕዝብ አደረሰች።

የጣቢያው ስልክ አላርፍ አለ። ውሸቷ አገረሸባት አሉ። ሽታው ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ በየትኛው አፍንጫዋ ደረሰ ብለው ተሳሳቁባት። በማግስቱ ተባረረች። እኔ ደሜ ፈላ፤ እሷ ግን ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

እናታችን የታጠበ ልብስ በሳፋ ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች። ሰማዩን አየች። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ እህቴን ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል?»

እህቴ ቀና አላለችም። «አላውቅም፣ እማዬ።»

እናታችን እሺ ብላ ግማሹን ልብስ ውጭ፣ ግማሹን ሳሎን ውስጥ አሰጣች።