የአዝመራው ኩባያ

ወንድሜን አዝመራውን በሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ስሙን እየጠራሁ በረገምኩት፤ መራገም ደግሞ እችልበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት የዋለ ዕለት ነው። አዝመራው ጋሸና ስድስት ዓመት ከመኪና ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ ከስቶ፣ ሱሪውን በገመድ አስሮ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነበር። ስለ ሕመሙ አልነገረኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም። አባ ወልደ ሩፋኤል ባርከው ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አዝመራው ጎረቤታችን ሞላ በተናገረው ቀልድ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ምላሱና ላንቃው እርጎ የተቀባ ይመስል ነበር። ያ በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ጽዋው እሱ ጋ ሊደርስ ሲል ብድግ ብዬ ከሞላ እጅ ተቀበልኩ። ለወንድሜ በሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ቀነስኩለትና ጽዋውን እሱን አሳልፌ ለቀጣዩ ሰጠሁ። እኛ ዘንድ የተጣላ እንኳ ታርቆ ከዚያው ጽዋ ይጠጣል እንጂ ለብቻው የሚቀዳለት ማኅበርተኛ የለም። አዝመራው ኩባያውን እንጂ እኔን አላየኝም። ሳይቀምስ፣ ኩባያውን እንደያዘ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የላክሁለትን ምግብ ሁሉ መለሰ። አኮረፈ ብዬ ተናደድኩ። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ የምስር ወጥ በርበሬውን ደህና አድርጌ ሠራሁና ራሴ ይዤ ሄድኩ። በግድ አጎረስኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ጉሮሮውን ይዞ ጥቅልል አለ። ለካ ኩርፊያ አልነበረም፤ መዋጥ አቅቶት ነው።

የጤና ጣቢያችንን ነርስ ሲስተር ፋናን ሮጬ ጠራኋት። አፉን በባትሪ አየችው።

«ፈንገስ ነው። በእኔም በአንቺም አፍ ውስጥ አለ፤ ሰውነት አቅም ሲያጣ ነው እንዲህ የሚበረታው። ጉሮሮው ድረስ ወርዷል። ላሊበላ ሆስፒታል ይሂድ፤ መድኃኒት አለው። ደሙንም ይመርመር፤ ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ለእሱም መድኃኒት አለ። ካልሄደ ግን ረሃብ ይገድለዋል።»

«በጽዋስ... አይተላለፍም?»

«ቫይረሱ? በጽዋ አይተላለፍም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዝመራው ግን አልሄድም አለ። «አንቺ እህቴ የተጸየፍሽኝን፣ እታለም፣ ባዳ ሊነካኝ ነው?»

ያንን ሰማያዊ ኩባያ አንስቼ እሱ የተወውን ውኃ ጠጣሁለት።

«እዚህ ማን አየሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ለታኅሣሥ ሚካኤል አራት ቀን ቀርቶ ነበር። አራቱን ቀን በአጥሚት አቆየሁትና ተራው ሞላ ቤት ስለነበር ደግፌ ወሰድኩት። ጽዋው ሲደርሰው ፊቱን አጨማዶ ትንሽ ተጎነጨ፤ ለእኔ አቀበለኝ። ብድግ አልኩ።

«ባለፈው ወንድሜን ያዋረድኩት እኔ ነኝ። አባ፣ ይፍቱኝ። እናንተም ይቅር በሉኝ።»

ጽዋውን ወደ አፌ አነሳሁ። ከንፈሩ የነካው ቦታ ረጥቧል። ሲስተር ፋና ያለችውን አንድ በአንድ አውቃለሁ። እጄ ግን ቆመ። አንዴ የመተንፈስ ያህል ብቻ ነው የቆመው። ከዚያ እስከ አተላው ጨለጥኩት።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ አባ። ሁሉም ደስ አለው። አዝመራው ብቻ እጄን ሲያይ ነበር።

በማግስቱ በሞላ በቅሎ ላሊበላ ወሰድኩት። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ በላ። ለደሙም መድኃኒት ጀመረና ወዙ ተመለሰ። አሁን እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ያጫውተኛል። ሲስቅ ምላሱ ንጹሕ ነው።

ጠላ በብርጭቆ ሳቀርብለት ግን እጁን ኮቱ ኪስ ይከታል። ሰማያዊውን ኩባያ አውጥቶ፣ «በዚህ ቅጂልኝ፣ እታለም» ይለኛል።

እቀዳለታለሁ። ቀና ብዬ ግን አላየውም።