ሁለት ዓመት መሄጃ፣ ሁለት ዓመት መመለሻ

መጠበቅ አልችልም። ማንቆርቆሪያው ሳይፈላ ክዳኑን ደጋግሜ አነሳለሁ፤ ሰው ሲያወራም ካፉ ነጥቄ እኔው እጨርስለታለሁ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጥድፊያ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሊመክረኝ ገና «የቸኮለች...» ሲል፣ «አፍሳ ለቀመች» ብዬ ምክሩን ራሱ እጨርስበት ነበር።

እሱ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል። ሰፈሩ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን እያንዳንዱን ምዕራፍ እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ከአሥር ነጥብ ይሰጠኛል። ስለ ፍቅሩና ስለ ቋንቋው ደንታ የለውም፤ የሚያርመው ተፈጥሮን ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ጨረቃ በምዕራብ በኩል ወጣች ብዬ ብጽፍ፣ ዳር ላይ «ምድርን ማን ወደ ኋላ አዞራት?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን የያዝኩት መጽሐፍ ወደ ሌላ ኮከብ ስለምትጓዝ ሴት ነው። መጀመሪያ በአንድ ሳምንት አድርሻት ነበር። «ለቅርቡ ኮከብ ብርሃን ራሱ አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ ያንቺ ሴትዮ ከብርሃን በምን በልጣ ነው?» አለኝ። ስንነታረክ ከርመን ፍጥነቷን ከብርሃን አንድ አሥረኛ አደረግነው። ጉዞዋ አርባ ሁለት ዓመት ሆነ። መንኮራኩሩ ውስጥ አትክልት ተከልንላት፣ ውሃዋንም ከትንፋሿ አጣርታ እንድትጠጣ አደረግን። በመጨረሻ ስድስት ሰጠኝ። የእሱ ስድስት የሌላ ሰው ዘጠኝ ነው።

ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሩም ዘገየ። ሐኪሟ «ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ግን ጊዜ ስጡት» አለችን። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «ሻይ ይሻልሃል ወተት?» እልና ትንሽ አይቼው «ሻይ» ብዬ እቀዳለሁ። «መስኮቱ ይዘጋ?» እልና እዘጋዋለሁ። እያደር አፉን መክፈት ተወ።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ደወለ። «ቅዳሜ መጥቼ ልውሰደው፤ እዚህ ነርስም አለች፣ ቤቱም ሰፊ ነው። ግን ራሱን ጠይቂው» አለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ያዝኩና «አባዬ፣ እሱ ጋ ሄደህ ብትኖር ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ። በእኔ ሚዛን ብዙ ጠበቅኩ።

«ዝም አለ፤ ተስማምቷል» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር፤ ዝምታው ተመቸኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም ሻንጣውን አወረድኩ። እስከዚያው እንዳይከፋው ብዬ አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ እስክሪብቶውን ደርቤ ጭኑ ላይ አኖርኩለት። በዚያ ምዕራፍ ሴትየዋ መንገድ በጀመረች በሃያኛው ዓመት አባቷን በሬዲዮ ትጠራዋለች። «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች። «እሰማሻለሁ ልጄ» ይላታል። አልቅሼ ነው የጻፍኩት፤ የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሸሚዞቹን ሳጣጥፍ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። መጋረጃው ውስጥ አልፎ በመጣው ብርሃን አቧራው እየተንሳፈፈ ነበር፤ ማቀዝቀዣውም ከወጥ ቤት ያንጎራጉራል። ክፍሉ ከቤቱ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ የአባቴ ወንበር፣ ሁሉም በየቦታው እንዳለ ጥቁር ባዶ ውስጥ ዝም ብለን ሄድን። አልፈራሁም። አባቴ መስኮቱ ዳር ሆኖ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልመጣም። ቃላቱ ከአቧራው ጋር በአየር ላይ ሲመጡ አየኋቸው። ደግሞም አይቸኩሉም። እኔ ግን ሳይደርሱ ብድግ ብዬ ልብስ ልተኩስ ሄድኩ።

ስነቃ አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። ምዕራፉ አጠገቤ ተቀምጧል። በግራ እጁ፣ ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን አጻጻፍ፣ ከላይ «0/10» ብሎበታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሬዲዮም ከብርሃን አይበልጥም። ሁለት ዓመት መሄጃ። ሁለት ዓመት መመለሻ። መመለሻው ይረዝማል፤ እሷ አልቆመችማ።»

«እሰማሻለሁ ልጄ» የሚለውን ደግሞ ሰርዞ፣ ዳሩ ላይ «ይሄ አባቷ አይደለም። የመለሰችው ራሷ ናት» ብሏል።

«ልብ ወለድ እኮ ነው አባዬ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሻንጣውን አየሁና አፌን መልሼ ዘጋሁ። ይህን ለመጻፍ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት ከሐሙስ ጀምሮ ነው።

በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ወንድሜ ጋ መሄድ ትፈልጋለህ?»

ጠበቅኩ። ብርሃኑ ከወንበሩ እግር ተነስቶ ወደ ክንዱ ወጣ። ማቀዝቀዣው ጠፋ፤ ቆይቶ እንደገና ተነሳ። ስልኬ ጮኸ፣ ወንድሜ ነው፤ አላነሳሁም። ምላሴን በላኝ፤ በእሱ ፈንታ የምመልሳቸው ሦስት መልሶች ተሰልፈዋል። ከንፈሬን ነከስኩ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ለአምስት ወር ያህል እንዲህ አይቼው አላውቅም፤ እሱም መጠበቄን አላመነም መሰለኝ።

«እ...» አለ።

እሺ ሊል ነው፣ እምቢ ሊል ነው፣ አላውቅም። እጄን ከጉልበቴ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

«እ... ዚሁ» አለ።

እንባዬ መጣ። ልነሳ ስል እጅጌዬን በግራ እጁ ያዘኝ፤ ገና አልጨረሰም ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ትከሻው ጋ ሲደርስ «ምዕራፉን... ድገሚው» አለኝ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «ቅዳሜ ስትመጣ ለመሰንበት ና፤ ለመውሰድ አይደለም» አልኩት።

«ሐሙስ ተስማምቷል አላልሽም?»

«የሐሙሱ መልስ» አልኩት፣ «አሁን ገና ደረሰ።»