የጋሽ ይማም በግ

ፌበን የቆርቆሮውን በር ሁለት ጊዜ አንኳኩታ ለሦስተኛው እጇን ስታነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የታክሲ መውረጃ ጀምራ ዳገቱን ሙሉ በአፏ ስታመላልሰው የመጣችው ንግግር በአንድ ጊዜ ከአእምሮዋ ጠፋ።

"ከሬዲዮ ነሽ አይደል?" አሏት አቶ ዓምደ ሚካኤል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራባቱ ለብሰዋል። "ቀረጻው ዛሬ ነው እንዴ?"

"አይ፣ ነገ ነው ጋሼ። ማለቴ… ነገ ነው የተባለው።"

"እኔም ነገ እንደሆነ አውቃለሁ። ልለማመድበት ብዬ ነው የለበስኩት። ግቢ ልጄ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ።"

ፌበን ሰማያዊውን ማህደር ደረቷ ላይ አጥብቃ ገባች። ማህደሩ ውስጥ አቶ ዓምደ ሚካኤል የሂሳብ አስተማሪ በነበሩበት ዘመን ለበዓል ዋዜማ ፕሮግራም የጻፏቸው አሥራ ስምንት አስቂኝ ታሪኮች አሉ። ጣቢያው ለዘንድሮው ገና አንዱን በደራሲው ድምፅ መልሶ ሊያቀርብ አስቦ ምርጫውን ለእሷ ሰጥቷት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አነበበች። አንዱ ታሪክ፣ ሰው እንዳይደውልበት መደወያው ላይ ቁልፍ ስለገባበት የቤት ስልክ ነው፤ ዛሬ ለወጣት አድማጭ ይህን ማስረዳት ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሌላው ሳቁን ሁሉ የሚያገኘው ከሚንተባተብ ጎረቤት ነው። በሦስተኛው ባልየው ሚስቱን በጥፊ ይላታል፤ እዚያ ቦታ ላይ በቅንፍ "ሳቅ" ተብሎ ተጽፏል።

"የሚሆን ከሌለ አሥራ አምስቷን ደቂቃ በዘፈን እንሞላታለን" ብሏት ነበር አለቃዋ ቶፊቅ። "ለሽማግሌው ግን አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አልችልም።"

እኔስ እችላለሁ ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

የማትችልበት ምክንያት ነበራት። አባቷ የመገናኛ ታክሲ ሹፌር ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለ ትራፊክና ስለ መለዋወጫ ካልሆነ በቀር እምብዛም አያወራም። በበዓል ዋዜማ ግን በጊዜ ይገባና ሬዲዮውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ትንሿ ፌበን የምትሰማው ታሪኩን ሳይሆን የአባቷን ሳቅ ነበር። ይህን ሳቅ ከአባቷ የሚያወጣ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ እንደሆነ ታምን ነበር። ሬዲዮ ውስጥ ለመሥራት የፈለገችውም ያኔ ነው። አሁን ያ ሰው ክራባት አስሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እሷም ከታሪኮቹ አንዱም አይሆንም ልትለው መጥታለች።

"የትኛውን መረጣችሁ?" አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። "ቆይ፣ አትንገሪኝ። የበጉን ነው። ሁሉም የሚወደው እሱን ነው።"

ፌበን ገና ሳትመልስ በቃላቸው ይተርኩት ጀመር። ገናና ኢድ በአንድ ሳምንት የዋሉበት ዓመት ነበር። ለገና የተገዛው በግ ገመዱን በጥሶ ይጠፋል። ገና ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ፈልጋ አመጣሁት ትላለች፤ ይታረዳል። ለካስ የታረደው ጎረቤታቸው ጋሽ ይማም ለኢድ የገዛው ነው። ጋሽ ይማም ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበላ ነገር!

"'እንግዲህ በግና በግ የማትለይ የገጠር ልጅ ቤታችሁ ከገባች…'" ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና ሳቋን ጠበቁ።

ፌበን ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ብቻ ታዘዘላት።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አሳየች ከአጥሩ ጥግ ካለው ሱቋ ሁለት ለስላሳ ይዛ ገባች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት።

"ይቺውልሽ ባለታሪኳ!" አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። "ያኔ እኛ ቤት ነበረች። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ እሷ ጋ ያለሁት ማለት ይቻላል፤ ካላበላችኝ አልበላም። በይ ጠጪ፤ መነጽሬን ላምጣና ከወረቀቱ አነብልሻለሁ።"

አሳየች ሳቀች፤ እሳቸው ገብተው የጓዳው በር ሲዘጋ ሳቋም አብሮ ቆመ። ፌበን ይህን አየች።

"እትዬ አሳየች" አለች ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከጠርሙሱ ሳታነሳ። "ታሪኩ… አስቀይሞዎት አያውቅም?"

አሳየች ወደ ጓዳው በር ተመለከተች።

"እኔ የተወለድኩት ከእንጦጦ ጀርባ ነው። በበግ መሀል ነው ያደግሁት። በግ እንዴት ይጠፋኛል የኔ እናት?"

"ታዲያ?"

"ጎትተው ያመጡትማ ራሳቸው ናቸው! 'ጋሼ፣ ይሄ የእኛ አይደለም፤ የእኛ ግራ ጆሮው ቅድ ነው' አልኳቸው። 'አንቺ ዝም ብለሽ ቢላዋውን አቀብዪኝ' አሉኝ። አቀበልኳቸዋ።"

ፌበን ሳቀች። በሦስት ቀን ንባብ ያልመጣላት ሳቅ ድንገት አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። አሳየችም ሳቀች፤ ይህኛው ከቅድሙ የተለየ፣ ከሆድ የሚወጣ ነበር።

"ለምን አልነገሯቸውም ታዲያ፣ ሬዲዮ ላይ ሲወጣ?"

"እንዴት አድርጌ? የማታ ትምህርት አስገቡኝ፤ ስምንተኛን እስክጨርስ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ ያስጠኑኝ ነበር። ሱቁን ስከፍት ስንት ቢሮ አብረውኝ ተመላልሰዋል። ውለታ አለብኝ ልጄ። ለአንድ በግ ብዬ… ብቻ የሰፈሩ ሰው ዛሬም ሾላ ገበያ በግ ልገዛ ስሄድ 'አደራ፣ ለይተሽ' ይለኛል። ልጄም ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። ይቺ ይቺ ትቆረቁረኛለች።"

የጓዳው በር ለካ ተከፍቶ ነበር። አቶ ዓምደ ሚካኤል መነጽራቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

ፌበን ልታወራ የሚገባት እሷ እንደሆነች ገባት።

"ጋሼ… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከወረቀቱ ይልቅ አሁን የሰማሁት ያስቃል።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ግራ ጆሮው ነበር?" አሉ።

"ግራው" አለች አሳየች።

"አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ይሰሙኛል። በግ የማይለይ አስተማሪ እንዳይሉኝ…"

"በእኔ አደረጉት" አለች። ቁጣ አልነበረበትም።

"በአንቺ አደረግሁት።" ክራባታቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ያን ቀን እውነቱን ነገርሽኝ፣ አልሰማሁሽም። ከዚያ ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽልኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ በልቼ የማድረው በአንቺ ነው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም፤ አንቺ ውለታ አለብኝ ትያለሽ። አመሰግንሻለሁ አሳየች። ይቅር በይኝም።"

አሳየች የጠርሙሱን ቆርኪ በጣቶቿ አገላበጠች።

"ኧረ ተዉ ጋሼ። ለስላሳው ይሞቅባታል።"

ከእንጦጦ የሚወርደው የታኅሣሥ ብርድ ቤቱን ሞልቶት ስለነበር ሦስቱም ተያይተው ሳቁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል እስክሪብቶ ጠየቁ። ፌበን ማህደሩን ከፍታ የበጉን ታሪክ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያውን መስመር በረጅሙ ሰረዙና ከበላዩ ጻፉ፤ እየጻፉም ጮክ ብለው አነበቡ፦ "'በግ የማይለይ አንድ የሂሳብ አስተማሪ ነበር።' ከዚያስ? ጋሽ ይማም ሲመጣ ምን ነበር ያለው?"

"'በጌ እዚህ ገብቷል ወይ?' አለ። እርስዎ ደግሞ 'ገብቷል፣ ግን አይወጣም' አሉት። ቆዳውን እኮ ገና አጥሩ ላይ አስጥተውት ነበር።"

"ይሄም ይጻፍ?"

"ከተነሳ ላይቀር ሁሉም ይጻፍ። ባለ ቅድ ጆሮው ሲገኝም ጋሽ ይማም 'በል፣ አንተ ደግሞ በእኔ እጅ ትታረዳለህ' እያለው እየሳቀ ነው የወሰደው። የሱም ይግባ እንጂ።"

ፌበን ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ወጣችና ቶፊቅ ጋ ደወለች።

"አልነገርሻቸውም አይደል?" አለ ቶፊቅ። "ገና ስትሄጂ አውቄዋለሁ። በቃ ዘፈን እንሙላው?"

"አይሆንም" አለች። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። "ነገ ሦስት ሰዓት እንደርሳለን።"

"ማንና ማን?"

ገና አሳየችንም ሽማግሌውንም አላስፈቀደችም። በመስኮቱ በኩል የአሳየች ድምፅ ወጣ፦ "ቆይ፣ ቆይ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም ያሉት!"

"ማይክ ሁለት አድርገው" አለች ፌበን። "ተራኪዎቹ ሁለት ናቸው።"